«አንባቢ የለውም» የተባለው ገጽ፦ የሰርቨር ሎግ መቀየሪያ ሲሳሳት ከየት ይጀመራል?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ነው። ርዝመቷ ከመቶ መስመር አይበልጥም፤ ነገር ግን የድረ ገጻችንን የአማርኛ ክፍል ልታዘጋ ጥቂት ነበር የቀራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሚያዝያው የኮሚቴ ስብሰባ ላይ የድረ ገጻችን የጎብኚዎች ሪፖርት ቀረበ። ያቀረብኩት እኔው ነኝ። የእንግሊዝኛ ገጾቻችን ስንት ስንት ጊዜ እንደተከፈቱ ተዘርዝሯል፤ ከታች ያለው የአማርኛው ረድፍ ግን ዜሮ ይላል። ከአባሎቻችን አንዷ «ማንም ለማያነበው ነገር ለምን እንለፋለን? ጊዜያችንን ለእንግሊዝኛው እናውለው» አለች። ክፋት አልነበረበትም። ቁጥሩ እውነት ቢሆን ኖሮ እኔም እጄን አወጣ ነበር።

እኔ ግን ቁጥሩን ማመን አቃተኝ። ቅዳሜና እሁድ ሌሊት ኦቤትስ ውስጥ አንድ መጋዘን እሠራለሁ። ኦቤትስን ለማታውቁት፣ ከኮለምበስ በስተደቡብ፣ በ270 አውራ ጎዳና አጠገብ፣ ከሪከንባከር አየር ማረፊያ ብዙም ሳትርቅ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በዙሪያዋ መጋዘን በሽ ነው። በዕረፍት ሰዓት የሀገሬ ልጆች ስልካቸውን አውጥተው የእኛን የመንጃ ፈቃድ ፈተና ማብራሪያ በአማርኛ ሲያነቡ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲያውም ከስብሰባው በፊት በነበረው ሳምንት አብረውኝ የሚሠሩ አንዲት እናት ጠርተውኝ፦

«አንተ ልጅ፣ ያ የኮሌጅ ገንዘብ ድጋፍ ማብራሪያችሁ የት ገባ? ከልጄ ጋር እያየን ፋፍሳዋን ልንሞላ ስንል አጣነው» አሉኝ።

«አነሳነው እኮ እትዬ፤ የሚያነበው ሰው የለም ተብሎ» አልኳቸው።

«እኔስ ሰው አይደለሁም?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ያን ገጽ በመስከረም ያነሳነው በዚሁ ሪፖርት ምክንያት ነበር። ስለዚህ በስብሰባው ላይ ውሳኔው ለሁለት ሳምንት እንዲቆይልኝ ለመንኩና ሪፖርቱ ከየት እንደሚመጣ ከሥሩ መመርመር ጀመርኩ። የተማርኩትን እዚህ የምጽፈው ከእናንተም ውስጥ ብዙዎቻችሁ የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ፣ የዕድር ወይም የንግድ ቤት ድረ ገጽ እንደምትይዙ ስለማውቅ ነው።

ሎግ ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ሰው ገጽ በከፈተ ቁጥር ሰርቨሩ አንድ መስመር ይጽፋል። ማን ጠየቀ (የአይፒ አድራሻው)፣ መቼ ጠየቀ፣ የትኛውን ገጽ ጠየቀ፣ ምን መልስ ተሰጠው (200 ከሆነ ገጹ ተገኝቷል፣ 404 ከሆነ አልተገኘም)፣ ስንት ባይት ተላከ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የዘበኛ መዝገብ በሉት። ዘበኛው የገባውን የወጣውን ይጽፋል እንጂ አይደምርም፤ የሚደምረው ሌላ ፕሮግራም ነው።

ችግሩ ዘበኞች ሁሉ በአንድ ዓይነት አለመጻፋቸው ነው። በሰፊው የሚታወቁ ሁለት አጻጻፎች አሉ። አንደኛው «ኮመን ሎግ ፎርማት» ይባላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሱፐርኮምፒውተር ማዕከል ከተሠራው የድር ሰርቨር የመጣ ነው፤ በ1995 የተወለደው አፓቺም ይህንኑ ወርሷል። ሁለተኛው በ1996 በዓለም አቀፉ የድር ተቋም በረቂቅ ደረጃ የወጣው «ኤክስቴንድድ ሎግ ፎርማት» ነው። የማይክሮሶፍቱ ሰርቨር አይአይኤስ በተለምዶ የሚጽፈው በዚህኛው ነው።

የእኛ ድረ ገጽ የሚሠራው በአይአይኤስ ነው። ጎብኚ የሚቆጥርልን ፕሮግራም ደግሞ የሚያነበው የመጀመሪያውን አጻጻፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዓመታት በፊት የነበረ አንድ አባላችን በፓይተን ቋንቋ አንድ መቀየሪያ ጽፎ በመሀል አስገባ። መቀየሪያው አስተርጓሚ ነው ማለት ነው። አስተርጓሚ ሲሳሳት ደግሞ ሁለቱም ወገን ጥፋተኛ አይመስለውም፤ ተናጋሪው በትክክል ተናግሯል፣ ሰሚውም የሰማውን በትክክል ጽፏል።

ሁለቱ አጻጻፎች በሦስት ነገር ይለያያሉ፤ ስህተትም የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ቅደም ተከተል። በኮመን ሎግ የዓምዶቹ ቦታ የተወሰነ ነው። በኤክስቴንድድ ግን በፋይሉ ራስ ላይ «ዓምዶቹ እነዚህ ናቸው» የሚል መስመር አለ፤ አስተዳዳሪው ዓምድ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ መስመሩም ይለወጣል።

ሁለተኛ፣ ሰዓት። አይአይኤስ በዚህ አጻጻፍ ሲመዘግብ የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ማጣቀሻ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው። ኮመን ሎግ ግን የአካባቢውን ሰዓት ይጽፍና ከዩቲሲ በስንት ሰዓት እንደሚለይ ጎኑ ላይ ያክላል።

ሦስተኛ፣ ክፍት ቦታና ፊደል። አንደኛው በጥቅስ ምልክት ውስጥ የሚያስቀምጠውን ሌላኛው ክፍት ቦታውን በመደመር ምልክት ተክቶ ይጽፈዋል። ከእንግሊዝኛ ውጭ ያለ ፊደልም በየቤቱ የተለየ አያያዝ አለው።

መጀመሪያ መቁጠር

ኮዱን ከፍቼ ለመጠገን እጄን በላኝ። ግን አንድ መምህሬ ደጋግሞ የሚለው ነገር ትዝ አለኝ፦ ሳትቆጥር አትጠግን። ስለዚህ ዋናውን ሎግ ሳልነካ ቅጂ አወጣሁ። ከቅጂው ላይ 24 መስመር ብቻ ቆርጬ ለብቻው ፋይል አደረግኩት። ከ24ቱ 4ቱ የፋይሉ ራስጌ ናቸው፤ በቁጥር ምልክት ይጀምራሉ። ስለዚህ እውነተኛ ጥያቄዎቹ 20 ናቸው ማለት ነው።

መቀየሪያውን አስኬድኩት። የወጣው 13 መስመር ነው። 7ቱስ? ምንም የስህተት መልእክት የለም። ፕሮግራሙ «ተጠናቋል» ብሎ በሰላም ተዘጋ።

ከዚህ በኋላ ነው ኮዱን የከፈትኩት። መሀል ላይ «ስህተት ካጋጠመህ ወደሚቀጥለው መስመር እለፍ» የሚል ትእዛዝ አገኘሁ። ጸሐፊው ለምን እንዳስገባው ይገባኛል፤ አንድ የተበላሸ መስመር ሥራውን ሁሉ እንዳያቆምበት ነው። ነገር ግን የተዘለለውን አይቆጥርም፣ የትም አይጽፍም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ፕሮግራሙ በየወሩ እየታመመ ጤነኛ ነኝ ሲለን ኖሯል።

ትእዛዙን በአንድ ነገር ብቻ ለወጥኩት፦ የሚዘለውን መስመር ከነምክንያቱ ወደ ሌላ ፋይል እንዲጽፍ። እንደገና ሳስኬደው ሰባቱ ተደርድረው ወጡ። ሰባቱም የአማርኛ ገጾች ነበሩ።

ፊደላችን ለምን ተጣለ?

ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። አስኪ የሚባለው የቆየ ሥርዓት ለእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ከ0 እስከ 127 ያሉትን ቁጥሮች ሰጠ፤ ሌላ ቦታ የለውም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 በ3.0 ዕትም ነው። ዛሬ ድር ላይ በብዛት በምንጠቀምበት ዩቲኤፍ-8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ ከሀ እስከ ፐ ያሉት ፊደሎቻችን እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ። የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው።

ሰርቨራችን የገጹን አድራሻ ሎጉ ላይ የሚጽፈው በአማርኛው እንዳለ በዩቲኤፍ-8 ነው። መቀየሪያው ግን ፋይሉን የሚከፍተው በአስኪ ነበር። 225 ሲያጋጥመው «ይህን አላውቅም» ይላል፣ ስህተት ይሆናል፣ መስመሩ ይዘለላል። አንድ ፊደል ብቻ አማርኛ ብትሆን እንኳ መስመሩ በሙሉ ይጠፋል። ዜሮው የመጣው ከዚህ ነው። አንባቢ ጠፍቶ ሳይሆን አስተርጓሚው አማርኛ ስለማይችል ነው።

መፍትሔው አንዲት ቃል ነበረች፤ «አስኪ» የሚለውን «ዩቲኤፍ-8» ማድረግ። 20 ገባ፣ 20 ወጣ። ደስ አለኝ። ግን ቶሎ ነበር።

አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ብቅ ይላል

የወጡትን መስመሮች አንድ በአንድ ሳነብ ከሰባቱ የሁለቱ ጫፍ ተበላሽቷል። ቆጣሪው ፕሮግራም አስኪ ብቻ ስለሚቀበል መቀየሪያው የአማርኛውን አድራሻ በመቶኛ ምልክት መልሶ ይጽፈዋል። በዚህ አጻጻፍ እያንዳንዱ ባይት 3 ምልክት ይሆናል፤ የመቶኛ ምልክቱና ሁለት አኃዝ። ስለዚህ አንድ የአማርኛ ፊደል 9 ቦታ ይይዛል። «ሰላም» ብንል 27 ቦታ ማለት ነው።

መቀየሪያው ደግሞ አድራሻን በ255 ምልክት ይቆርጥ ነበር። ለእንግሊዝኛ 255 ከበቂ በላይ ነው። ለአማርኛ ግን 28 ፊደል እንኳ በቅጡ አያስኬድም። የእኛን ገጽ ተመልከቱ፦ /አማርኛ/የመንጃ-ፈቃድ-ፈተና-ማብራሪያ-ለአዲስ-መጪዎች-ክፍል-1። ከመጀመሪያው እስከ «መጪዎች» ድረስ 250 ምልክት ይሆናል። ቀጥላ ያለችው ሰረዝ 251ኛዋ ናት። የቀሩት 4 ቦታዎች ለ«ክ» አይበቋትም፤ የመጀመሪያ ባይቷና ብቻውን የቀረ የመቶኛ ምልክት ሲገቡ መስመሩ ይቆረጣል።

ጉዳቱ የተበላሸ ጫፍ ማየት ብቻ አይደለም። ክፍል 1 እና ክፍል 2 ከተቆረጡ በኋላ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ሁለት ገጾች እንደ አንድ ይቆጠራሉ ማለት ነው። ገደቡን ወደ 4000 ከፍ አደረግኩትና ተስተካከለ። በነገራችን ላይ ይህ ችግር በዳታቤዝ ውስጥም ያጋጥማችኋል፤ በእንግሊዝኛ ልክ የተሰፋ ዓምድ ለአማርኛ እንደሚጠብ አስታውሱ።

ሰዓቱ ማን ነው የሚቆጥረው?

አሁን የአማርኛው ረድፍ ቁጥር አለው። ሪፖርቱን ለሁለት የኮሚቴ አባላት አሳየኋቸው። ብዙ ሰው የሚያነበው በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 7 ሰዓት አካባቢ እንደሆነ ይላል። አንደኛው «ተማሪዎች አውቶቡስ ውስጥ ሆነው ነዋ!» አለ። የሚያሳምን ግምት ነው፤ ግን ግምት ነው።

ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ ተጠቀምኩ። ቅዳሜ ሌሊት መጋዘኑ ውስጥ በዕረፍት ሰዓት ገጹን በራሴ ስልክ ከፈትኩና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ 3፡12፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። በማግስቱ ዋናው ሎግ ላይ ስፈልገው 7፡12 ላይ አገኘሁት። ልክ ነው፤ በበጋ ሰዓት ኦሃዮ ከዩቲሲ በ4 ሰዓት ወደ ኋላ ናትና። መቀየሪያው ያወጣው ግን 7፡12 ብሎ፣ ጎኑ ላይ «ከዩቲሲ 5 ሰዓት ወደ ኋላ» የሚል ምልክት ለጥፎ ነበር። ሰዓቱን ሳይቀይር መለያውን ብቻ ቀየረ። መለያውም ራሱ የክረምት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ልዩነቱን ቁጥር አድርጎ ኮድ ውስጥ መጻፍ አያዋጣም። አሜሪካ ውስጥ ከ2007 ጀምሮ ሰዓት የሚቀየረው በማርች ሁለተኛው እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ነው። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርም፤ ሁልጊዜ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ በኮለምበስና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት በክረምት 8፣ በበጋ 7 ሰዓት ነው። ቀኑን አይቶ የሚወስን የሰዓት ክልል መጠቀም ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ዋናውን ሎግ በዩቲሲ እንዳለ ተዉት። በኖቬምበር ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ አንድ ሰዓት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በአካባቢ ሰዓት ብቻ ከጻፋችሁ የትኛው የመጀመሪያው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ይህ ሲስተካከል ከጠዋቱ 7 ሰዓት የተባለው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆነ። የአውቶቡስ ሰዓት ሳይሆን የመጋዘን ዕረፍት ሰዓት። አትቸኩሉ ግን፤ በዚያው ቅጽበት አዲስ አበባ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችንም ሊሆኑ ይችላሉ። የፍለጋ ድርጅቶች ሮቦቶችም ሌሊት ቀን ሳይሉ ገጽ ይከፍታሉ። ስለዚህ ሮቦት መሆናቸውን በስማቸው የሚናገሩትን ቀነስኩ። ቁጥሩ ቀነሰ፣ የሌሊቱ 9 ሰዓት ግን ከፍ እንዳለ ቀረ። ከዚያ በላይ የአይፒ አድራሻ እየተከተልኩ ማን ምን እንዳነበበ መሰለል አልፈለግኩም፤ እንዲያውም መቀየሪያው የአድራሻውን የመጨረሻ ክፍል እንዲያጠፋ አደረግኩት። ከዚያ ይልቅ የሥራ ባልደረቦቼን ጠየቅኩ። «በዕረፍት ካልሆነ መቼ እናነባለን?» አሉኝ።

«ስራ» እና «ሥራ»

የመጨረሻው ችግር ከመቀየሪያው ሳይሆን ከራሳችን አጻጻፍ የመጣ ነው። በድረ ገጻችን መፈለጊያ ሣጥን ሰዎች የሚጽፉት ቃል ሎጉ ላይ ይቀራል። «ስራ» እና «ሥራ» ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ዓመት» እና «አመት»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» እንዲሁ። ሰው በብዛት የሚፈልገው ነገር በየፊደሉ ተበታትኖ ትንሽ ይመስላል።

ለቆጠራ ብቻ የሚያገለግል ሠንጠረዥ ሠራሁ፦ ሠን ወደ ሰ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰባቸው የሚመልስ። ሊቃውንቱ እንዳይቆጡኝ፣ ዋናው ጽሑፍ ላይ አንዲት ፊደል አልነካሁም። በግዕዝ እነዚህ ፊደላት ትርጉም ይለያሉ፤ እኔ ያቀራረብኩት ድምሩ ላይ ብቻ ነው።

ለሚመረምር ሰው በአጭሩ

1. ዋናውን ሎግ አትንኩ። ሁልጊዜ በቅጂ ሥሩ።

2. ትንሽ ናሙና ውሰዱ፤ በዓይን ተነቦ የሚያልቅ ይሁን።

3. ሦስት ቁጥር ያዙ፦ የገባ፣ የወጣ፣ የተጣለ። የወጣውና የተጣለው ተደምረው ከገባው ጋር እኩል ካልሆኑ ሪፖርቱን ለማንም አታሳዩ።

4. የተጣሉትን መስመሮች አንብቡ። የሚያመሳስላቸው ነገር ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ይነግራችኋል።

5. የዓምዶቹን ራስጌ አንብቡ። ሰርቨሩ ዳግም ሲነሳ ወይም ቅንብሩ ሲለወጥ ራስጌው በፋይሉ መሀልም ሊመጣ ይችላል። ዓምድን በስሙ እንጂ «አምስተኛው» ብላችሁ አትጥሩ።

6. የምታውቁትን አንድ ነገር ራሳችሁ አድርጉና ሎጉ ላይ ፈልጉት። ሰዓቱ ልክ ነው አይደለም የሚለው ወዲያው ይለያል።

7. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ከዚያ እንደገና ቁጠሩ።

ከዚያ በኋላ

በሁለተኛው ስብሰባ የተስተካከለውን ሪፖርት አቀረብኩ። የእንግሊዝኛው መነሻ ገጽ አሁንም አንደኛ ነው። የአማርኛው የመንጃ ፈቃድ ማብራሪያ ክፍል 1 ግን ከዜሮ ተነስቶ ሦስተኛ ሆነ። ይዘጋ ያለችው እህታችን ሪፖርቱን ሁለቴ አየችና «እንግዲያው ክፍል 3ን እኔ እጽፋለሁ» አለች። ጽፋለችም።

እኔ ግን ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ጠየቅኩም። መቀየሪያውን የጻፍኩት እኔ ባልሆንም፣ ለወራት ቁጥሩን ሳልመረምር ያቀረብኩት እኔ ነኝ። የገንዘብ ድጋፍ ማብራሪያው ወደ ቦታው ተመልሷል። ያ ገጽ ባልነበረባቸው ወራት ስንት ቤተሰብ ፈልጎ እንዳጣው ከሎጉ ላይ ማየት ይቻላል፤ 404 እያለ ተመዝግቧል። እነዚያ መስመሮችም በአማርኛ ስለነበሩ ሪፖርቱ ላይ አልወጡም ነበር።

ለእትዬ ገጹ መመለሱን በዚያው ሳምንት ነገርኳቸው። «ዘንድሮ እንደምንም በእንግሊዝኛው ሞልተናል» አሉኝ። «ታናሽየዋ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ትደርሳለች። ያኔ እንዳታጠፉት።»

የተስተካከለውን መቀየሪያ የምትፈልጉ አባላት ለኮሚቴው ንገሩን፤ ከነማብራሪያው እንሰጣችኋለን። ስህተት ካገኛችሁበትም አትዘሉት፤ ጻፉልን።

ቸር ያሰንብተን።